ከእሳቱ በፊት ያሉት ቀናት፦ በእንጨት በሚነድ እቶን ውስጥ ስለ ሸክላ አደራደር

የተከበራችሁ የሸክላ ሙያተኞች፣ ተማሪዎችና እንግዶች፤

በእንጨት ስለሚነድ እቶን ለመናገር በተጋበዝኩበት ሥፍራ ሁሉ የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች በእሳቱ ላይ ያተኮሩ ናቸው። ስንት ቀን ይነዳል? የምን ዛፍ ይሻላል? ሙቀቱስ እስከ ስንት ዲግሪ ይደርሳል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ሌሊት ከጭስ ማውጫው ጫፍ ብቅ ብሎ የሚውለበለብ ነበልባል ያየ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ አይፈረድበትም። እኔ ግን ዛሬ የተሰጠኝን ጊዜ የማውለው ከእሳቱ በፊት ላሉት ሁለትና ሦስት ቀናት፣ ማለትም ዕቃው ወደ እቶኑ ገብቶ ለሚደረደርባቸው ቀናት ነው። ምክንያቴ አጭር ነው። ክብሪቱ ከተጫረ በኋላ እሳቱን ለሚማግደው ሰው የሚቀረው እንጨት መጨመርና መቀነስ፣ አየር መክፈትና መዝጋት ብቻ ሲሆን፣ ነበልባሉ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ የትኛው ማሰሮ አመድ እንደሚለብስና የትኛው ሳህን ሳይነካ እንደሚቀር የወሰነው ቀደም ብሎ ተንበርክኮ ዕቃውን የደረደረው ሰው ነው።

እቶን የሚለው ቃል ለአብዛኞቻችን ሠለስቱ ደቂቅ የተጣሉበትን እቶነ እሳት እንጂ የሸክላ ሥራን አያስታውስም። ለዚህም በቂ ምክንያት አለ፤ እናቶቻችን እንስራውን፣ ድስቱንና ጀበናውን የሚያቃጥሉት በግንብ በተከለለ እቶን ውስጥ ሳይሆን በገላጣ ሜዳ ወይም በጓሮ ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ላይ ነው። ይሁን እንጂ የአደራደር ጥበብ የተጀመረው በእቶን አይደለም። ባደግኩበት ሠፈር ሸክላ ይሠሩ የነበሩ አንዲት እናት፣ ዕቃ ከመደርደራቸው በፊት ከምድጃቸው ጥቂት አመድ ቆንጥረው ወደ ላይ ይበትኑ ነበር። እኛ ልጆቹ ነገሩን ከሌላ ጋር እናያይዘውና በሹክሹክታ እናወራ ነበር፤ ሸክላ ሠሪን በክፉ ዓይን ማየት ለምን ያህል ዘመን እንደተጠናወተን ታውቁታላችሁ። ሴትዮዋ ግን የሚያዩት የነፋሱን አቅጣጫ ነበር። ከዚያ በኋላ ትልልቆቹን በአፋቸው ደፍተው ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ይጀምራሉ፣ ድስቶቹን ያስደግፏቸዋል፣ በየክፍተቱ ጀበናዎቹን ይሸጉጣሉ፣ ኩበቱንና ጭራሮውን ከከመሩ በኋላም ጥግ ላይ ያጠራቀሙትን ገል በላዩ ያለብሱታል። ያ ገል ጣሪያቸው ነበር። እቶን ማለትም በጥቅሉ ይኸው ነው፤ ሙቀቱን ይዞ የሚያቆይ፣ ነፋሱን የሚገራ ሽፋን።

በገላጣ የሚነደው እሳት ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እምብዛም አያልፍም፤ በጥቂት ሰዓታትም ያበቃል። እኔ የምናገርለት እቶን ከ1,200 እስከ 1,300 ዲግሪ የሚደርስና ለቀናት የሚነድ ነው። ይህን ስል አንዱ ኋላ ቀር፣ ሌላው የሠለጠነ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይያዝልኝ። ምጣዳችንና ድስታችን በቀጥታ እሳት ላይ ተጥደው የማይሰነጠቁት ጭቃቸው ሻካራ ድብልቅ ስላለበት፣ በለዘብተኛ እሳትም ስለተቃጠሉና ሰውነታቸው ቀዳዳ ስላለው ነው። በ1,250 ዲግሪ እስኪጠጥር የተቃጠለ ድስት በምድጃ ላይ ቢጣድ የመጀመሪያውን ሽሮ ሳያበስል ሊሰነጠቅ ይችላል። ሁለቱ እሳቶች የሚያወጧቸው ዕቃዎች አገልግሎታቸውም የተለያየ ነው።

አሁን ወደ እቶኑ እንግባ። ምሳሌ የማደርገው ጃፓኖች አናጋማ፣ በእኛ አነጋገር የዋሻ እቶን፣ የሚሉትን ነው። አሠራሩ ከኮሪያ ልሳነ ምድር ወደ ጃፓን የገባው በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ቅርጹ በኮረብታ ጎን ላይ ሽቅብ የተጋደመ አንድ ረጅም ክፍል ነው። ከታች በኩል የማገዶው ሥፍራና መግቢያው፣ ከላይ በኩል ጭስ ማውጫው ይገኛሉ፤ በመካከል ምንም ግድግዳ የለም። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ውስጡ ግድግዳ የሌለው እቶን ባዶውን ቢነድ ነበልባሉ ከማገዶው ተነሥቶ በጣሪያው ሥር እየተምዘገዘገ በጭስ ማውጫው ይወጣል፣ ወለሉም ብዙም ሳይሞቅ ይቀራል። ግድግዳውን፣ መታጠፊያውንና መተላለፊያውን የሚሠራው የሚደረደረው ዕቃ ራሱ ነው። በመሆኑም በየጊዜው እቶኑ አዲስ ይሠራል ማለት ይቻላል፤ ጡቡ ያው ሆኖ ሳለ፣ በዚህ ወር በጋን የተሞላውና በሚቀጥለው ወር በስኒ የሚሞላው እቶን ሁለት የተለያዩ እቶኖች ናቸው።

ነበልባል ጠባዩ እንደ መስኖ ውኃ ነው፤ ልዩነቱ ውኃው ቁልቁል፣ ነበልባሉ ሽቅብ መሄዱ ነው። ገበሬው ቦይ ካልቀደደለት ውኃው በቀለለው በኩል ሄዶ ግማሹን ማሳ እንደሚያደርቀው ሁሉ፣ ነበልባሉም በቀለለው በኩል ይሄዳል። ስለዚህ የደርዳሪው ዋና ሕግ ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት ማጥበብ፣ በረድፎቹ መካከልና ከወለሉ አጠገብ ደግሞ መተላለፊያ መተው ነው። ነገር ግን በጣም ካጠበበው እሳቱ ከፊት ይታፈናል፤ የፊተኛው ዕቃ ሲቀልጥ የኋለኛው ጥሬ ይቀራል።

ይህን ሕግ የተማርኩት በሰው ንብረት ነው። አሜሪካ ሳለሁ ለሦስተኛ ጊዜ በተካፈልኩበት የእቶን ሥራ የኋለኛውን ሲሶ ብቻዬን እንድደረድር ታምኜ ነበር። መታመኑ አስደሰተኝና ቦታ ላለማባከን ብዬ ስኒዎቹን ከወለሉ ጀምሮ ጥቅጥቅ አድርጌ ደረደርኳቸው፤ ከላይ ግን የሚመጥን ዕቃ ስላጣሁ ከመደርደሪያው እስከ ጣሪያው ሁለት ስንዝር ያህል ክፍት ተውኩ። በሦስተኛው ቀን ሌሊት የፊተኛው ክፍል ከሚፈለገው ሙቀት ደረሰ፤ የኋለኛው ንቅንቅ አላለም። ቀኑንም ሌሊቱንም ማገድን፤ እንጨቱ ያልቃል፣ ከጭስ ማውጫው ረጅም ነበልባል ይወጣል፣ የታችኛው ኋላ ግን ደብዛዛ ቀይ እንደሆነ ቀረ። ነበልባሉ እኔ በተውኩለት አውራ ጎዳና በጣሪያው ሥር እያለፈ ነበር። እቶኑ ሲከፈት የላይኛው ረድፍ ከመጠን በላይ ተቃጥሎ ተጣሞ፣ የታችኛው ረድፍ ደግሞ ያልቀለጠ ግራጫ አመድ ተለጥፎበት እንደ ሞረድ ሻክሮ ተገኘ። ከስልሳ የሚበልጡት ስኒዎች አንዳቸውም የእኔ አልነበሩም። ባለቤታቸው አንዱን አንሥታ በአውራ ጣቷ ዳበሰችውና መልሳ አስቀመጠችው፤ ምንም አልተናገረችኝም። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

አመዱን ካነሣሁ ዘንድ ጥቂት ላብራራው። እንጨት ሲነድ ረቂቁ አመድ ከነበልባሉ ጋር ይበርና በዕቃው ትከሻ ላይ ያርፋል። አመዱ ውስጥ ያሉት ካልሲየምና ፖታሲየም ከጭቃው ሲሊካ ጋር ተዋሕደው ከ1,200 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ይቀልጣሉ፣ መስታወትም ይሆናሉ። በሌላ ሥራ ሸክላ ሠሪው በብሩሽ ወይም በመንከር የሚቀባውን ግሌዝ፣ ማለትም የመስታወት ልባስ፣ እዚህ እሳቱ ራሱ ይቀባዋል ማለት ነው። እሳቱ ግን የዕቃውን ሆድ ከመደርደሪያው ለይቶ አያውቅም፤ የቀለጠው አመድ ወርዶ ዕቃውን ከተቀመጠበት ጋር ካጣበቀው የሚያላቅቀው መዶሻ ብቻ ነው።

መፍትሔው የእኛው ጉልቻ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ፣ ስኒም ይሁን ጋን፣ መደርደሪያውን ሳይነካ በሦስት ትንንሽ የጭቃ እንክብሎች ላይ ይቀመጣል። ሦስት የሆኑበት ምክንያት እናቶቻችን ምድጃ ላይ ሦስት ድንጋይ የሚጎልቱበት ምክንያት ነው፤ አራት ከሆነ ይወላገዳል፣ ሦስት ግን ወለሉ ባይስተካከልም ይረጋል። እንክብሎቹ የሚሠሩት ካኦሊን የሚባለውን ነጭ ጭቃና የአሉሚና ዱቄትን እኩል በእኩል በመደባለቅ ነው፤ አንዳንዶቻችን በቀላሉ እንዲፈረፈር ጥቂት ሰጋቱራ እንጨምርበታለን። አሉሚና የሚቀልጠው ከ2,000 ዲግሪ በላይ ስለሆነ የእኛ እሳት አያሸንፈውም፣ አመዱም አይጣበቅበትም። ለስኒ የሽምብራ፣ ለማሰሮ የለውዝ፣ ለጋን የሎሚ ፍሬ ያህል ይበቃል።

ይህን የሚሠራ ሰው እጆች ተመልከቱ። ስኒውን በግራ እጁ ገልብጦ ይይዛል፤ ቂጡን በእርጥብ ስፖንጅ አንድ ጊዜ ይጠርጋል፣ አቧራ ካለ እንክብሉ አይይዝምና። ሦስቱን እንክብሎች የዕቃው ግድግዳ ክብደት በሚያርፍበት ትክክል፣ በእግሩ ቀለበት ላይ፣ በእኩል ርቀት ይለጥፋል። ገልብጦ ያስቀምጥና በሁለት ጣቶች ከላይ በቀስታ ይጫናል፤ እንክብሎቹ ትንሽ ጠፍጠፍ ይላሉ። ከዚያም አፉን በአንድ ጣት ነካ ያደርጋል። ከተወዛወዘ ያነሣዋል፣ ካልተወዛወዘ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ይህን በአንድ እቶን አምስት መቶ ጊዜ መሥራት የተለመደ ነው። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን ጉልቻው ሁለት ጣት ሲሸሽ ሳህኑ ይንጋደዳል፣ ስለዚህ ተረቱን ለምድጃው እንተውለት። ክዳን ያለው ዕቃም ክዳኑ በአፉ ላይ እንዳለ፣ በመካከል ትንንሽ እንክብሎች ገብተውለት ነው የሚቃጠለው። ለየብቻ ከተቃጠሉ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ በተለያየ ሙቀት ይኮማተሩና ኋላ አይገጣጠሙም።

በጃፓን በእንክብሉ ፋንታ የባሕር ዛጎል ውስጥ ጭቃ ሞልቶ ዕቃውን በጎኑ አጋድሞ ማስቀመጥም የታወቀ ነው። ዛጎሉ በእሳቱ ወደ ኖራነት ይለወጥና ውኃ ሲነካው ፈርሶ ይወድቃል፤ በዕቃው ላይ ግን የጥርሱ ማኅተም ይቀራል። ቢዘን በተባለው አካባቢ ደግሞ ዕቃ ከዕቃ እንዳይጣበቅ በሩዝ ገለባ ይጠቀልሉታል፤ የገለባው ፖታሲየም ከጭቃው ብረት ጋር ሲገናኝ ገለባው ያረፈበት ሁሉ እንደ ጭረት ቀይ መስመር ይሆናል። ለመከላከያ የገባው ገለባ ጌጥ ሆኖ ይወጣል። እኔ በጤፍ ጭድ ሞክሬዋለሁ፤ ጭዱ ቀጭን በመሆኑ መስመሩ እንደ ፀጉር ይሆናል፣ ነገር ግን ይታያል።

ስለ መደርደሪያው ብዙ አልቆይም። እሳት የሚችሉ ሰሌዳዎች በሦስት ምሰሶ ላይ ይቀመጣሉ፤ የሁለተኛው ፎቅ ምሰሶ በመጀመሪያው ፎቅ ምሰሶ አናት ላይ በትክክል መቆም አለበት። ግማሽ ክንድ ከሸሸ ሰሌዳው በሙቀት ሲለሰልስ ይጎብጥና ይሰበራል፣ አንዱ ሲሰበር ደግሞ የላዩ ሁሉ ይከተለዋል። የሰሌዳው የላይኛው ፊት በካኦሊንና በአሉሚና ውኃ ይቀባል። የታችኛው ፊት ፈጽሞ አይቀባም፤ ቅቡ እየተቀረፈ ከሥሩ ባለው ሳህን ውስጥ ይወድቃልና።

የማን ቦታ የት ነው የሚለው ግን የሥራው ጨዋታ ያለበት ክፍል ነው። ከማገዶው ፊት ለፊት የሚቆመው ዕቃ ብዙ አመድ ይለብሳል፣ ፍም ይቀብረዋል፣ አንዳንዴም የተወረወረ ፍልጥ ይመታዋል። ስለዚህ እዚያ የሚቆመው ወፍራምና ትከሻው ሰፊ የሆነ ማሰሮ ነው። በፍም የተቀበረው ጎኑ በኦክስጅን እጥረት ምክንያት ጠቁሮ፣ አንዳንዴም ሰማያዊ ግራጫ ሆኖ ይወጣል፤ እዚህ እናቶቻችን ጀበናውን ቀይ ፍም ሳለ አውጥተው በቅጠልና በገለባ አፍነው ከሚያጠቁሩበት ዘዴ ጋር እንገናኛለን። በመካከል ያሉት ዕቃዎች ፊታቸው በአመድ መስታወት፣ ጀርባቸው በነበልባሉ ቀይ ብርቱካናማ ቀለም ይለያያል። የአንዱ ማሰሮ ጥላ በሌላው ሆድ ላይ እንደ ደመና ታትሞ ይቀራል፤ ደርዳሪው ሁለቱን ምን ያህል ማቀራረብ እንዳለበት ሲያስብ የሚያስበው ስለዚህ ጥላ ነው። ከኋላ፣ ጭስ ማውጫው አጠገብ፣ አመድ ስለሚያንስ አስቀድመው ግሌዝ የተቀቡት ይቀመጣሉ። ረጅም ማሰሮ የሚያስቀምጥ ሰው አንድ ነገር ይጨምር፤ ወደ እሳቱ የዞረው ጎን ይበልጥ ስለሚኮማተር ማሰሮው ወደ እሳቱ ማዘንበል ይቀናዋል፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ጥቂት ወደ ኋላ ቀና ማድረግ ይበጃል።

አመድ የማይፈለግበት ሥራ ደግሞ አለ። በቻይና ጂንግደዠን ከተማ ፖርሴሊን የሚባለው ነጭ ሸክላ ይቃጠል የነበረው በጥድ እንጨት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ዕቃ ከአመዱ እንዲጠበቅ በሻካራ የሸክላ ሣጥን ውስጥ ይገባና ሣጥኖቹ እንደ ዓምድ አንዱ በሌላው ላይ ይቆለላሉ። ፈረንሳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ዳንትረኮል እ.ኤ.አ. በ1712 ስለዚያ ሥራ በጻፈው ደብዳቤ የእያንዳንዱ ዓምድ የታችኞቹ ሁለት ሣጥኖች ባዶ እንደሚተዉ፣ የላይኛውም እንዲሁ ባዶ እንደሚሆን ይነግረናል፤ በእነዚያ ሥፍራዎች እሳቱ በበቂ አይሠራምና። ይህን ባነበብኩ ጊዜ በሁለቱ ስንዝር ክፍተት ያበላሸኋቸው ስኒዎች ትዝ አሉኝ። የጂንግደዠን ሰዎች ሣጥኑን ባዶውን አስቀምጠው ከፍታውን ይሞሉታል፤ እኔ ደግሞ የሚመጥን ዕቃ አጣሁ ብዬ ከፍታውን ባዶ ተውኩት። ባዶ ማሰሮም ቢሆን፣ የተሰበረ ጡብም ቢሆን መሙላት እችል ነበር። በዚያች ከተማ እቶን መሙላት ራሱን የቻለ ሙያ ነበር፤ የሚያቦካው፣ የሚቀርጸው፣ የሚደረድረውና የሚማግደው የተለያዩ ሰዎች ነበሩ።

በሥራው ሰዓት ደርዳሪው ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት እያፈገፈገ ነው የሚደረድረው፤ አንድ ረድፍ ከፊቱ ከዘጋው በኋላ ከዚያ በስተኋላ ያለውን ሊነካው አይችልም። ስለዚህ በውስጥ አንድ ሰው፣ በመግቢያው አንድ አቀባይ፣ በውጭ በጠረጴዛው ዘንድ ጉልቻ የሚለጥፉ ሁለት ሰዎች ይኖራሉ። ከውስጥ የሚሰማው ድምፅ የሠሪውን ስም አይጠራም፤ «አንድ ስንዝር ከአራት ጣት፣ አፈ ሰፊ» ይላል፣ ያ መጠን ይቀርብለታል። ጀማሪዎች እዚህ ላይ ያዝናሉ፤ የራሳቸውን ዕቃ ለራሳቸው በመረጡት ቦታ ማኖር ይፈልጋሉ። እቶኑ ግን የሚጠይቀው ቁመትና ስፋት ነው።

ዕቃው ጥሬ ሆኖ የሚገባ ከሆነ፣ የደረቀ ቢመስልም ውኃ አለበት። በ100 ዲግሪ የሚተነው ውኃ በቶሎ ከተጣደፈ ዕቃውን ያፈነዳዋል፤ ከጭቃው ጋር የተዋሐደው ውኃ ደግሞ ከ450 እስከ 600 ዲግሪ ባለው መካከል ይወጣል፤ በ573 ዲግሪ በጭቃው ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን በድንገት መጠኑን ይለውጣል። ስለዚህ ወፍራምና ጥሬ ዕቃ ከማገዶው ፊት አይቀመጥም። አንድ ማሰሮ ሲፈነዳ ጉዳቱ በእርሱ አያበቃም፤ ስብርባሪው በጎረቤቶቹ ሆድ ውስጥ ይገባና ሲቀልጥ አብሮ ይቀራል።

የመጨረሻው የሚቀመጠው ዕቃ አይደለም፤ ምስክር ነው። በተወሰነ ሙቀት የሚጎብጡት ትንንሽ ሾጣጣ ኮኖች በበርሊን በሄርማን ዜገር እ.ኤ.አ. በ1886 የተጀመሩ ሲሆኑ፣ በአሜሪካ ደግሞ ኤድዋርድ ኦርተን በ1896 ማምረት ጀምሯል። ኮኖቹ በፊት፣ በመካከልና በኋላ፣ በመመልከቻው ቀዳዳ ትክክል ይቀመጣሉ፤ አመድ ከወደቀባቸው ያለ ጊዜያቸው ቀልጠው ስለሚዋሹ በአንድ ማሰሮ ከለላ ሥር ይደረጋሉ። ካስቀመጣችኋቸው በኋላ ወጥታችሁ በቀዳዳው ተመልከቱ፤ በሁለተኛው ቀን ሌሊት ኮኑ በስኒ እጀታ ተሸፍኖ ማግኘት ምን እንደሚመስል እኔ አውቀዋለሁ። ከጎናቸውም በብረት ዘንግ ተስበው የሚወጡ ሁለት ሦስት የጭቃ ቀለበቶች ይቀመጣሉ፤ አመዱ ምን ያህል እንደቀለጠ የሚነግሩን እነርሱ ናቸው። ከዚያም በደብተር ላይ የእያንዳንዱ ረድፍ ሥዕል ይሣላል፤ እቶኑ በሚከፈትበት ቀን ደብተሩ በእጃችን ካልኖረ የተበላሸው ለምን እንደተበላሸ፣ ያማረውም ለምን እንዳማረ አናውቅም።

በሩ በጡብ ይዘጋል፤ በመጋጠሚያዎቹ ላይ አሸዋና ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ይለሰናል። የዛሬው እቶን ግን እዚያ ገና አልደረሰም። በጓሮ ያለው ትንሹ እቶን ወለሉ ተጠርጎ፣ ሰሌዳዎቹ ትናንት ተቀብተው ደርቀዋል፤ ካኦሊኑና አሉሚናውም ተቦክቶ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኗል። ጥያቄዎቻችሁን ይዛችሁ እንውጣ፤ እጅጌያችሁን ሰብስቡ፣ ቀለበት ያደረጋችሁ አውልቁ። የመጀመሪያው ረድፍ የሚጀምረው ከጭስ ማውጫው ሥር ስለሆነ፣ ከመካከላችሁ ቀጭን የሆነ ሰው ቀድሞ ይግባ።